የእርሻ ፀረ ተባይ ኬሚካልና የዓሣ ደም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከማሳ የሚወርድ ኬሚካል ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ መግባቱ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠየቀው “ዓሣ ሞተ ወይ?” ነው። አልሞተም ከተባለ ነገሩ በዚያው ይረሳል። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች የሚመለከቱት ይህንኑ የሚረሳውን ነገር ነው፦ ዓሣው እየዋኘና እየበላ ደሙ ግን እየተበላሸ ያለበትን ሁኔታ። ጥያቄዎቹ ከዓሣ አርቢዎች፣ ከገበሬዎችና ከተማሪዎች አዘውትረው የሚመጡ ዓይነት ናቸው።

የዓሣ ጤና ለማወቅ ለምን ደም ይመረመራል?

ዓሣን ከውኃው የሚለየው ግድግዳ በጣም ስስ ስለሆነ ነው። በስንጥቡ ውስጥ በሚዘዋወረው ደምና በሚያልፈው ውኃ መካከል ያለው ርቀት የሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው። እንዲህ መሳሳቱ ግድ ነው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውኃ በሊትር የሚይዘው ኦክስጅን 9 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን፣ አንድ ሊትር አየር ግን የዚያን 30 እጥፍ ያህል ይይዛል። ዓሣ የሚበቃውን ኦክስጅን ለማግኘት ሌሊትም ቀንም ብዙ ውኃ በስንጥቡ ማሳለፍ አለበት። ኦክስጅኑ በሚገባበት መንገድ ኬሚካሉም ይገባል፤ በስብ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟ ከሆነ ደግሞ ያለ ብዙ ችግር ያልፋል።

ከዚያ በኋላ ወደ ጉበት፣ ወደ አንጎል፣ ወደ ጡንቻ የሚያደርሰው ደሙ ነው። ስለዚህ ደም ከማንኛውም የውስጥ አካል ቀድሞ ከኬሚካሉ ጋር ይገናኛል፤ የሌሎቹ አካላት ጉዳትም ተመልሶ እሱ ላይ ይነበባል። ሌላም ጥቅም አለው፦ በጥንቃቄ ከተሠራ ዓሣውን ሳይገድሉ ናሙና መውሰድና ያንኑ ዓሣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ መመርመር ይቻላል።

የዓሣ ደም ከሰው ደም በምን ይለያል?

የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ክብ ሆኖ መሐሉ የጎደጎደ ነው፤ ኒውክሊየስ (የዘር ቁስ የሚቀመጥበት የሕዋሱ እምብርት) የለውም። የዓሣው ግን ሞላላ ነው፤ መሐሉ ላይም ኒውክሊየስ አለው። ይህ ልዩነት ለዚህ ርዕስ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም ኒውክሊየስ ያለው ሕዋስ የዘር ቁሱም ሊጎዳ ይችላል፣ ጉዳቱም በማይክሮስኮፕ ይታያል። ደምን የሚያረጉት ሕዋሳትም በዓሣ ዘንድ ኒውክሊየስ ያላቸው ሙሉ ሕዋሳት ናቸው።

ደሙ የሚመረትበት ቦታም ሌላ ነው። ዓሣ ደም የሚያመርት የአጥንት መቅኔ የለውም። ሥራውን የሚሠሩት በዋናነት የኩላሊቱ የፊት ክፍልና ጣፊያው ናቸው። ኩላሊት ደግሞ ኬሚካል በብዛት ከሚያልፍባቸው አካላት አንዱ ነው፤ የደም ማምረቻውና የቆሻሻ ማጣሪያው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል ማለት ነው። አብዛኛው አጥንታም ዓሣ ያለው ደም ከክብደቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ በሰው ላይ ከሚገኘው 7 ወይም 8 በመቶ አንጻር መጠባበቂያው ትንሽ ነው።

ኬሚካሉ ማሳ ላይ ተረጭቶ ዓሣው ዘንድ እንዴት ይደርሳል?

በዋናነት በዝናብ። ርጭቱ ከተካሄደ በሰዓታት ውስጥ ወይም በማግስቱ ከባድ ዝናብ ከጣለ፣ ቅጠሉና አፈሩ ላይ ያለው ታጥቦ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ነፋስ የወሰደው የርጭት ጉም በቀጥታ ውኃ ላይ ያርፋል። ከመስኖ የተረፈ ውኃም አለ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የመርጫ መሣሪያን ወንዝ ዳር ማጠብና ባዶ ዕቃውን ውኃው ውስጥ ማለቅለቅ ነው፤ ገና ያልተበረዘ ኬሚካል በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ይገባል። ይህን ማስቀረት ደግሞ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ለዓሣ የከፉት የትኞቹ ናቸው?

ሁሉም እኩል አይደሉም፤ “ለሰው ጉዳቱ አነስተኛ ነው” የተባለ ኬሚካል ለዓሣም እንዲሁ ነው ብሎ ማሰብ ደግሞ ትልቅ ስህተት ነው።

ፓይሬትሮይድ የሚባሉት ፀረ ነፍሳት፣ ማለትም ሳይፐርሜትሪን፣ ዴልታሜትሪን፣ ላምዳ ሳይሃሎትሪንና መሰሎቻቸው፣ ለዚህ ዋና ምሳሌ ናቸው። የሰውና የወፍ አካል እነዚህን በፍጥነት ሰባብሮ ያስወግዳቸዋል። ዓሣ ይህን የሚሠሩት ኢንዛይሞች በበቂ ስለሌሉት ኬሚካሉ ሳይሰበር ይቆያል። እንደ ቀስተ ደመና ትራውት ላሉ ዓሣዎች በአንድ ሊትር ውኃ 1 ማይክሮግራም አካባቢ የሆነ ሳይፐርሜትሪን በ4 ቀን ውስጥ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ይህ መጠን ምን ያህል እንደሆነ ለማየት 1 ሺህ ካሬ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ያለውን ኩሬ ያስቡ፤ ያንን ኩሬ እዚያ ደረጃ ላይ የሚያደርሰው 1 ግራም ንጥረ ነገር ነው። በተግባር ፓይሬትሮይድ ከጭቃና ከቅጠላ ቅጠል ጋር ስለሚጣበቅ የተወሰነው ከውኃው ይወጣል፤ ከግርጌ የሚመገቡ ዓሣዎች ግን እዚያም ያገኙታል። ሌላው የሚዘነጋው ነገር፣ ከብዙ ኬሚካሎች በተቃራኒ ፓይሬትሮይድ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የበለጠ መርዛማ መሆኑ ነው።

ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት፣ እንደ ክሎርፓይሪፎስ፣ ማላታይን፣ ዳያዚኖንና ፕሮፌኖፎስ ያሉት፣ አሴቲልኮሊንኤስቴሬዝ የተባለውን የነርቭ ኢንዛይም ያግዳሉ። እነ ካርቦፉራን ያሉበት የካርባሜት ቡድንም የሚያጠቃው ይህንኑ ነው፤ እገዳው ግን ቶሎ ይለቃል።

እንደ ዲዲቲና ኢንዶሰልፋን ያሉት ኦርጋኖክሎሪኖች ለዓመታት ሳይፈርሱ ስለሚቆዩ ሳይፈርሱ የሚቆዩ ብክለቶችን ወደሚገድበው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ገብተዋል፤ ዲዲቲ ስምምነቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ፣ ኢንዶሰልፋን ደግሞ በ2011። አሮጌ ክምችትና አሮጌ ደለል ባለበት ግን ታሪክ ሆነው አልቀሩም።

ስለ ፀረ አረም ሲነሳ ሁሌ የሚጠየቀው ግላይፎሴት ነው። ንጥረ ነገሩ ብቻውን ለዓሣ ያለው መርዛማነት ዝቅተኛ ነው። ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ የሚጨመርለት ሳሙና መሰል ነገር ግን በብዙ እጥፍ ይከፋል። በትራውት ላይ በተደረገ የቆየ ፍተሻ ግማሹን ዓሣ ለመግደል ከንጹሕ ግላይፎሴት 140 ሚሊግራም በሊትር ሲያስፈልግ፣ ከማጣበቂያው 2 ሚሊግራም በቂ ነበር። ስለዚህ ሰው “ይህ ኬሚካል ዓሣ አይጎዳም” ሲል ንጥረ ነገሩን ነው ወይስ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ድብልቅ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት ፀረ ነፍሳት ዓሣን ወዲያው አይገድሉም። ዓሣው የሚበላቸውን የውኃ ነፍሳት ግን ይጨርሳሉ፤ የራበው ዓሣ ደሙም ይሳሳል። መዳብ ያለባቸው ፀረ ፈንገሶች ደግሞ ማዕድን በማይበዛበት ለስላሳ ውኃ ውስጥ ጉዳታቸው ይጠነክራል።

ቀይ የደም ሕዋስ የሚጎዳው እንዴት ነው?

በአንድ መንገድ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም መንገዶቹ ተደራርበው ይመጣሉ።

የመጀመሪያው የሕዋሱ ሽፋን መጎዳት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው፣ ብረት ያለው ሄሞግሎቢንና ብዙ ኦክስጅን አንድ ላይ ይኖራሉ፤ ሽፋኑ ደግሞ በቀላሉ በሚቃጠል ስብ የተሠራ ነው። በጤናው ጊዜ ካታሌዝና ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች በዚያ ሁሉ መካከል የሚፈጠሩትን ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች ያመክናሉ። ብዙ ፀረ ተባዮች ይህን ሚዛን ያናጋሉ። ኢንዛይሞቹ መጀመሪያ ላይ ለመከላከል ይጨምራሉ፤ ተጋላጭነቱ ሲቀጥል ይዳከማሉ። ከዚያ ሽፋኑ ይቆሳስላል፣ ሕዋሱ ያብጣል፣ ይፈነዳል። የወጣው ሄሞግሎቢን የደሙን ፈሳሽ ያቀላዋል። የተሰባበሩትን ሕዋሳት ጣፊያ ይሰበስባቸዋል፤ ከጣፊያው የተቆረጠ ስስ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይም በብረት የበለጸጉ ቡናማ ክምችቶች ይበዙበታል።

ሁለተኛው ምርቱ መቀነሱ ነው። የኩላሊቱ የፊት ክፍል ሲጎዳ አዲስ ሕዋስ የሚተካው በዝግታ ነው። ይህ ዓይነቱ የደም ማነስ በቀናት ውስጥ አይታይም፤ የዓሣ ቀይ ሕዋስ ለወራት ስለሚኖር የምርት መቋረጥ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ለዚህ ነው የ4 ቀን ሙከራ ብቻ አይቶ “ደም ማምረቻው አልተነካም” ማለት የማይቻለው።

ሦስተኛው መድማት ነው። የተጎዳ ስንጥብ ይደማል፤ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት ከቀነሱ መድማቱ ይረዝማል። ምግብ አለመብላትም ይጨመርበታል። የተመረዘ ዓሣ መጀመሪያ ከሚያቆማቸው ነገሮች አንዱ መብላት ነው፤ ብረት፣ ፎሊክ አሲድና ፕሮቲን ሳይገባ ደግሞ ደም አይሠራም።

የሁሉም መጨረሻ አንድ ነው። ደሙ የሚሸከመው ኦክስጅን ያንሳል። ጸጥ ባለ ኩሬ ውስጥ ያለ ዓሣ ይህን ለጊዜው ይችለዋል። ሌሊት የውኃው ኦክስጅን ሲወርድ፣ ሙቀት ሲጨምር፣ አዳኝ ሲያባርረው ወይም እንቁላል ሊጥል ወደ ላይ መዋኘት ሲኖርበት ግን አቅም ያጣል። ሞቶ ሲገኝም ምክንያቱ “ኦክስጅን ማነስ” ተብሎ ይመዘገባል፤ ከሳምንታት በፊት የተረጨውን የሚያነሳ የለም።

አንዱ ጥናት ሄማቶክሪት ወረደ ይላል፣ ሌላው ጨመረ ይላል። የቱን እንመን?

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሄማቶክሪት ማለት ከደሙ ውስጥ ሕዋሳት የያዙት መቶኛ ድርሻ ነው፤ ድርሻ ስለሆነም ከብዙ አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል።

ዓሣ ሲደነግጥ ወይም ሲታፈን ጣፊያው ተጨምቆ ያከማቸውን ቀይ ሕዋስ ወደ ደም ይለቃል። አድሬናሊን ሲጨምር ደግሞ በብዙ ዓሣዎች ላይ ቀይ ሕዋሳቱ ራሳቸው ያብጣሉ። ስንጥቡ ተጎድቶ ጨው ሲፈስ ከደሙ ፈሳሽ የተወሰነው ወደ ሕዋሳት ይሸሻል። በእነዚህ ሁሉ ሁኔታዎች ሄማቶክሪት ይጨምራል፤ ዓሣው ግን ጤናው አልተሻሻለም። ቀናት ሲያልፉ፣ ሕዋሳቱ መፈንዳትና ምርቱ መቀነስ ሲጀምር፣ ቁጥሩ ወደ ታች ይመለሳል። የጨዋማ ውኃ ዓሣ ችግሩ ውኃ ማጣት ሲሆን፣ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ግን ደሙ ከውኃው የበለጠ ጨዋማ ስለሆነ ውኃ ሁልጊዜ ወደ ውስጡ ይገባል። ኩላሊቱ ይህን ማስወጣት ሲያቅተው ደሙ ይቀጥናል።

አንድ ቁጥር ብቻ መያዝ ምን ያህል እንደሚያሳስት በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ሄማቶክሪቱ 30 በመቶ የሆነና በማይክሮሊትር 2 ሚሊዮን ቀይ ሕዋስ ያለው ዓሣ የአንዱ ሕዋስ አማካይ መጠን 150 ፌምቶሊትር (የሕዋስ መጠን የሚለካበት እጅግ ጥቃቅን መለኪያ) ነው። ሄማቶክሪቱ እዚያው 30 በመቶ ላይ ቆሞ የሕዋሱ ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን ቢወርድ አማካዩ 200 ፌምቶሊትር ይሆናል። ሄማቶክሪቱን ብቻ ያየ ሰው ምንም አልተለወጠም ይላል። በእርግጥ የሆነው ግን ሩቡ ሕዋስ ጠፍቶ የቀረው ማበጡ ነው። ስለዚህ የሕዋስ ቁጥር፣ ሄሞግሎቢንና ሄማቶክሪት አንድ ላይ ካልተለኩ ውጤቱ ላይ ብዙ እምነት መጣል አይገባም።

ጥናት ሲያነቡ ዓሣዎቹ ለስንት ቀን እንደተጋለጡ፣ ውኃው በየስንት ጊዜው እንደተለወጠና ኬሚካሉን ለማሟሟት እንደ አሴቶን ያለ ነገር ከተጠቀሙ፣ አሴቶን ብቻ የተሰጠው የማነጻጸሪያ ቡድን መኖሩን ይመልከቱ። እሱ ከሌለ ጉዳቱን ያመጣው የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ነጭ የደም ሕዋስስ?

መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ይጨምራል፤ አካሉ ለጉዳት የሚሰጠው ምላሽ ነው። ተጋላጭነቱ ሲረዝም ይቀንሳል። ከጠቅላላ ቁጥሩ ይልቅ ግን ድርሻው ይናገራል፦ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ሲበዛ ከነጭ ሕዋስ ዓይነቶች ሊምፎሳይት የተባለው ይቀንሳል፣ ኒውትሮፊል የተባለው ይጨምራል። ሊምፎሳይት ያነሰው ዓሣ ለባክቴሪያ፣ ለፈንገስና ለጥገኛ ተባይ ይጋለጣል። ኩሬ ውስጥ ድንገት የቆዳ ቁስልና ጥጥ መሰል ፈንገስ ሲበዛ ሰው መድኃኒት ይፈልጋል፤ በቅርቡ ዙሪያው ምን እንደተረጨ መጠየቅ ግን መቅደም አለበት።

ከደም ሕዋሳት ሌላ ደሙ ውስጥ ምን ይነበባል?

የደም ስኳር በጭንቀት ይጨምራል። ጠቅላላ ፕሮቲንና አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ጉበት ሲዳከም ይወርዳሉ። ኤኤልቲና ኤኤስቲ የተባሉት ኢንዛይሞች የጉበት ሕዋስ ሲፈርስ ወደ ደም ይፈሳሉ። ሶዲየምና ክሎራይድ የስንጥቡን ሁኔታ ይናገራሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በማንኛውም ችግር ይለወጣሉ፤ የቱ ኬሚካል እንደሆነ አይነግሩም። ከዚህ የሚለየው ቀደም ሲል የተጠቀሰው የነርቭ ኢንዛይም፣ የኮሊንኤስቴሬዝ መጠን ነው፤ እሱ በግልጽ ሲወርድ ጣት የሚያመለክተው ወደ ኦርጋኖፎስፌት ወይም ወደ ካርባሜት ነው። በደም ውስጥ መለካት ይቻላል፣ ይበልጥ የሚታመነው ግን ከአንጎል የተወሰደው ነው።

ማይክሮኒውክሊየስ የሚባለው ምርመራ ምንድን ነው?

የዘር ቁስ ጉዳትን በርካሽ ማየት የሚቻልበት ዘዴ ነው። ጠብታ ደም ስላይድ ላይ በስሱ ይዘረጋል፣ ይደርቃል፣ በሜታኖል ይጸናል፣ ጊምሳ በተባለ ማቅለሚያ ይቀለማል። በ1000 እጥፍ ማጉያ ሲታይ ሞላላዎቹ ቀይ ሕዋሳት ሐመር ሮዝ ሆነው ይሰለፋሉ፤ በእያንዳንዳቸው መሐል ወይን ጠጅ ኒውክሊየስ አለ። ከብዙ ጤነኞች መካከል አልፎ አልፎ አንዱ ከዋናው ኒውክሊየስ ጎን ሌላ ትንሽ ነጥብ ይዞ ይገኛል፤ ክብ፣ ጠርዙ የጠራ፣ ቀለሙ ከዋናው ጋር አንድ የሆነ፣ መጠኑ ከዋናው ሲሶ የማይበልጥ። ሕዋሱ ሲከፈል ወደ ቦታው ሳይደርስ የቀረ የክሮሞዞም ቁራጭ ነው። የጎበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ጆሮ ያበቀለ ኒውክሊየስም ለብቻው ይቆጠራል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከአንድ ዓሣ ከ1 ሺህ ያላነሱ፣ ብዙ ጊዜም 2 ሺህና 3 ሺህ ሕዋሳት ይታያሉ። የሚቆጥረው ሰው የትኛው ስላይድ ከተጋለጠው ዓሣ እንደመጣ ማወቅ የለበትም። የቀለም ዝቃጭ ነጥብ ይመስላል፤ እርግጠኛ ያልሆኑበትን አለመቁጠር ይሻላል።

ውኃው ውስጥ ያለው ከገዳዩ መጠን በጣም ያነሰ ከሆነ ችግር አለው?

አለው። በመለያና በሰነድ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በ96 ሰዓት ውስጥ ግማሹን የሙከራ ዓሣ የሚገድለው መጠን ነው። ቁጥሩ የሚያወዳድረው ሞትን ብቻ ነው። የተረፈው ግማሽ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አይናገርም። በቆሮሶ፣ በአምባዛና በካርፕ ላይ የተደረጉ ብዙ ሙከራዎች የገዳዩ መጠን አንድ አሥረኛ በሆነ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ክምችት የሄሞግሎቢንና የቀይ ሕዋስ መቀነስ አሳይተዋል።

በተጨማሪም ሙከራው የሚደረገው በአንድ ኬሚካል፣ በንጹሕና ኦክስጅን በሞላበት ውኃ ነው። እውነተኛው ወንዝ ሁለት ሦስት ዓይነት ፀረ ተባይ፣ ማዳበሪያና ደለል አንድ ላይ ይዞ ይወርዳል። ፓይሬትሮይድን ለማጠንከር የሚጨመረው ፒፐሮኒል ቡቶክሳይድ ዓሣው ኬሚካሉን እንዳይሰብር ያግደዋል፤ ድብልቁ ከተናጠሉ ይከፋል። እኔ ብጠየቅ የ96 ሰዓቱን ቁጥር ለማነጻጸሪያ እጠቀምበታለሁ እንጂ የደህንነት ወሰን አድርጌ አልወስደውም።

ደም እንዴት ይወሰዳል? ምንስ ያበላሸዋል?

ዓሣው በፍጥነትና በእርጥብ መረብ ይያዛል፤ በቅርንፉድ ዘይት ወይም በሌላ የዓሣ ማደንዘዣ ይደነዝዛል። ከጭራው አጠገብ፣ ከአከርካሪው ሥር ካለው የደም ሥር በቀጭን መርፌ ይቀዳል። መርፌው መሐል ለመሐል ገብቶ አጥንት ሲነካ ትንሽ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ደሙ ያን ጊዜ ይመጣል። ከክብደቱ 1 በመቶ በላይ አለመውሰድ ጥሩ ልማድ ነው።

ትልቁ አጥፊ ጊዜ ነው። ዓሣውን እያባረሩ ለደቂቃዎች ከቆዩ የሚለኩት ስኳርና ኮርቲሶል የማባረሩ እንጂ የኬሚካሉ አይሆንም። ማርጊያ መከላከያውም ይመረጣል፤ ኢዲቲኤ ካርፕን ጨምሮ በአንዳንድ ዝርያዎች ሕዋሱን ስለሚያፈነዳ ሄፓሪን የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው። ለሰው የተሠራ አውቶማቲክ የደም መቁጠሪያ ደግሞ አይሆንም። ኒውክሊየስ ያለውን ቀይ ሕዋስ እንደ ነጭ ይቆጥርና የማይታመን ውጤት ያወጣል። የዓሣ ደም አሁንም በኒውባወር መቁጠሪያ መስታወት፣ በዐይን፣ አንድ በአንድ ነው የሚቆጠረው። የሞተ ዓሣ ደም ለዚህ ሥራ አይጠቅምም።

ላቦራቶሪ የለኝም። በዐይን ምን መለየት እችላለሁ?

የስንጥቡን ክዳን ገልጠው ቀለሙን ይዩ። የጤነኛ ሕያው ዓሣ ስንጥብ ደማቅ ቀይ ነው። ወደ ሮዝ ወይም ወደ ነጭ የገረጣ ከሆነ የደም ማነስ አለ፤ ሕያው ወይም ሊሞት ያለ ዓሣ ላይ ብቻ ይመኑት፣ ከሞተ በኋላ ሁሉም ይገረጣል። ደሙና ስንጥቡ ቡናማ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ናይትራይት ነው፤ ከመኖ ትርፍና ከዓሣው ኩስ በሚመጣው አሞኒያ የሚፈጠር ሲሆን ሄሞግሎቢንን ኦክስጅን ወደማይሸከም ሜትሄሞግሎቢን ይለውጠዋል። መፍትሔውም ሌላ ነው፤ የውኃ ለውጥና የተመጠነ የገበታ ጨው ይረዳል።

ሞት ሲኖር የሞቱትን ዓይነትና ሰዓት ያስተውሉ። ኦክስጅን ያለቀበት ኩሬ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ትልልቆቹ ይቀድማሉ፣ ሌሎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። በመርዝ ጊዜ ሰዓት አይመርጥም፤ ትንንሾቹ አብረው ወይም ቀድመው ያልቃሉ፣ የውኃ ነፍሳትና ሽሪምፕ መሰሎቹም ይሞታሉ፣ የተረፉት ይሽከረከራሉ ወይም ይንቀጠቀጣሉ። የደረት ክንፎቹ ወደ ፊት ተወጥረው የሞተ ዓሣ ኦርጋኖፎስፌትን ያስጠረጥራል። ውኃውን ወዲያው በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው፣ ከብርሃን ከልለው በበረዶ ያስቀምጡ፤ ዓሣውን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለው ያቀዝቅዙ። በማግስቱ የተወሰደ ውኃ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም፤ ኬሚካሉ አልፎ ሄዷል።

መኖው ላይ ቫይታሚን ሲ ብጨምር ይከላከላል?

በከፊል። አብዛኞቹ አጥንታም ዓሣዎች ቫይታሚን ሲን ራሳቸው ስለማያመርቱ ከመኖ ማግኘት አለባቸው፤ ቫይታሚን ሲና ኢ በበቂ ያገኙ ዓሣዎች በሙከራ ላይ የደም ጉዳታቸው ቀለል ብሎ ታይቷል። ዓሣው እንዲቋቋም ያግዘዋል እንጂ የተበከለ ውኃን ንጹሕ አያደርግም።

ንጹሕ ውኃ ቢያገኝ ደሙ ይመለሳል?

ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ቀስ ብሎ። ስኳርና ኮርቲሶል በሰዓታትና በቀናት፣ ሄማቶክሪትና ሄሞግሎቢን በሳምንታት። በኦርጋኖፎስፌት የታገደው ኢንዛይምም የሚተካው በሳምንታት ነው። ኩላሊቱ በጣም ከተጎዳ ወይም ሁለተኛ ርጭት ከመጀመሪያው ሳያገግም ከደረሰበት ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። የምርት ወቅቱን ሙሉ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሚረጭ ማሳ አጠገብ ያለ ዓሣ የማገገሚያ ጊዜ አያገኝም።

እንዲህ ዓይነቱን ዓሣ መብላት ይቻላል?

ተንሳፍፎ የተገኘ የሞተ ዓሣ አይበላም፤ ለእንስሳም አይሰጥም። በኬሚካል ተመርዞ የተያዘ ዓሣም እንዲሁ ነው። መቀቀልና መጥበስ ፀረ ተባይን በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠፋም። እንደ ዲዲቲ ያሉት በስብ ውስጥ ስለሚከማቹ ሆድ ዕቃውን፣ ጉበቱንና ስቡን ማስወገድ መጠኑን ይቀንሳል፣ ዜሮ ግን አያደርገውም። በሌላ በኩል፣ ከወራት በፊት ጥቂት ፓይሬትሮይድ የነካውና አሁን ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ለተመጋቢው የሚያሳስብ ቅሪት ላይኖረው ይችላል። የዓሣው ጤናና የተመጋቢው ጤና ተዛማጅ ቢሆኑም የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚመለሱትም በተለያየ ምርመራ ነው።

ገበሬውና ዓሣ አርቢው ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

ገበሬው ዝናብ ሊጥል ባለበት ቀንና ነፋስ ባለበት ሰዓት ባይረጭ፣ በማሳውና በውኃው መካከል ሣርና ቁጥቋጦ ያለበት ያልታረሰ ዳርቻ ቢተው ብዙ ይቀንሳል። ባዶ ዕቃውን 3 ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን ወደ መርጫው መልሶ ማሳው ላይ መጨረስ ይገባል። ተባዩ ጉዳት የሚያደርስ ብዛት ላይ መድረሱን ማሳው ውስጥ ገብቶ ሳይቆጥር በልማድ አለመርጨትም አለ፤ ይህ ለኪሱም ይበጃል።

አርቢው የጎረቤቶቹን የርጭት ቀን አስቀድሞ ቢያውቅ ይመረጣል። በዚያ ቀንና ከመጀመሪያው ጎርፍ ጋር የኩሬውን መግቢያ ይዝጋ፤ አየር ማስገቢያ ካለው ያስነሳ፣ መኖ ይቀንስ። ዓሣው ደህና በሆነበት ወቅት ከጥቂቶቹ ደም አስወስዶ የሄማቶክሪትና የሄሞግሎቢን ውጤቱን፣ ከውኃው ሙቀትና ከቀኑ ጋር፣ መዝገብ ላይ ያስፍር። እነዚህ ቁጥሮች ከዝርያ ዝርያ፣ ከወቅት ወቅት ስለሚለያዩ ከመጽሐፍ የተገኘ አማካይ ብዙ አይረዳም፤ ችግር ሲመጣ የሚነጻጸረው ከራሱ ኩሬ መዝገብ ጋር ነው።